የማይታረደው ምልክት

ኤርካሎ በቀበሌው ምርጫ የተወዳደረው በወንበር ምክንያት ነው።

ወንበሩ ከሶዶ የመጣ ባለ ጎማ ነው። የጽሕፈት ቤቱ ወለል ጭቃ ስለሆነ ጎማው አይሽከረከርም። ቢሆንም ባለ ጎማ ነው። አሥር ዓመት ሙሉ የተቀመጠበት ሊቀመንበሩ አቶ ቦሼ ሲሆን፣ ቦሼ የኤርካሎ ሚስት የአሳየሽ ታላቅ ወንድም ነው።

ባለፈው ጥቅምት ኤርካሎ የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጎ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። በሩ ላይ ሌላ ሰው አልነበረም። ቦሼ ከወንበሩ ላይ ቀና ብሎ አየው።

«ተራህን ጠብቅ» አለው።

«ጋሼ፣ የማንን ተራ? ብቻዬን ነኝ እኮ።»

«ያንተን።»

ኤርካሎ እስከ ቀትር ቆመ። አንዲት ዶሮ መጣች፣ በእግሮቹ መሀል አልፋ ገባች፣ ጉዳይዋን ጨርሳ ወጣች። ቦሼ ዶሮዋን ምንም አላላትም። ደብዳቤው በመጨረሻ ሲጻፍ አራት መስመር ነበር።

ኤርካሎ ቤቱ ሲደርስ ለሚስቱ «ወንድምሽን በዚያ በር ላይ አንድ ጠዋት ሙሉ አቆመዋለሁ» አላት። ከዚህ ሌላ ዓላማ አልነበረውም። በኋላ ስለ መንገድም ስለ ውሃም የተናገረው፣ ዕጩ ሁሉ የሚናገረው ስለሆነ ነው።

ቀበሌዋ ከዱቦ በላይ፣ የአንድ ሰዓት ዳገት ተወጥቶ የምትገኝ ናት። ምርጫውን ለማስፈጸም የመጣችው ብሩክታይት የምትባል የሶዶ መምህርት ነበረች። ወጣት ናት፤ ስትስቅ ያያት የለም። የምርጫውን መመሪያ በፌስታል ቋጥራ ይዛ ትዞራለች። ስለ ምንም ነገር ብትጠየቅ ፌስታሉን ትፈታለች፣ ታነባለች፣ መልሳ ትቋጥራለች። ሕዝቡ ቲቸር ይላታል።

ሁለት ዕጩ ብቻ ተመዘገበ፤ ቦሼና ኤርካሎ። ቲቸር «ምልክት ምረጡ» አለች። ፊደል ያልቆጠረ መራጭ ዕጩውን የሚለየው በምልክቱ ነው። ቦሼ እንሰት መረጠ። ያወቀበት ምርጫ ነበር፤ በዚያ አገር ጓሮው ውስጥ እንሰት የሌለው ሰው የለም። ኤርካሎ «በሬ» አለ። እሱም ዝም ብሎ አልነበረም፤ ደጁ ላይ ዳንጋርሳ ታስሮ ነበር።

ዳንጋርሳ በወላይትኛ ዝሆን ነው። ከጥር ጀምሮ ለመስቀል የሚቀለብ ቀይ ሰንጋ ነው። የስኳር ድንች ሐረግ፣ የእንሰት ቅጠል፣ የተቀቀለ በቆሎ በጨው ይበላል። በጥር ወር በቤቱ በር እንደ ልቡ ይገባ ይወጣ ነበር። በሚያዝያ በሩ ላይ ተቀረቀረ። ሁለት ሰው ከኋላ ገፍቶ፣ አንድ ሰው ከፊት ስቦ ካስወጣው ወዲህ በደጅ በዳስ ሥር ይታሰራል። የምትቀልበው አሳየሽ ናት። በእጇ ታጎርሰዋለች። ኤርካሎን ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ አጉርሳው አታውቅም።

በሬው የአሥራ ሁለት አባወራ ቅርጫ ነው። የቅርጫው ዳኛ፣ ማለትም ሥጋውን የሚመድበው ሰው፣ ገብርኤል ይባላል። ዓይኑ ሚዛን ነው። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጎራ ይልና የዳንጋርሳን ጎን በመዳፉ ይጫናል።

«የጎን አጥንቱ ጠፍቷል» ይላል። «ጌታ ይመስገን።»

ኤርካሎ ምልክቱን በወረቀት አሳትሞ ነበር። ቀለሙ ጠቁሮ ወጣ። ግማሹ ሰው ጉማሬ ነው አለ፣ ግማሹ አሳማ ነው አለ። ስለዚህ ወረቀቱን ጥሎ ሕዝቡን ወደ ደጁ ጠራ። «ዋናውን መጥታችሁ እዩ» ይላል። ሰው እየመጣ ያያል፤ ሴቶቹ የስኳር ድንች ሐረግ ይዘው ይመጣሉ። ቦሼ ቅስቀሳም አላስፈለገው። በመንገድ ሲሄድ በከዘራው ወደ ሰው ጓሮ ያመለክታል፣ ያልፋል።

የቅስቀሳው የመጨረሻ ቀን ሁለቱ ዕጩዎች በገበሬ ማሰልጠኛው ሜዳ ላይ ተናገሩ። ቦሼ ቀደመ።

«ወገኖቼ፣ የኔ ምልክት ሥር አለው። ዘንድሮ ብትቆርጡት ችግኙ ይተካዋል። የአማቼ ምልክት ግን ቀጠሮ አለው። መስቀል ሲደርስ ይታረዳል! ከዚያ በኋላ ኤርካሎን በምን ታስታውሱታላችሁ? በቆዳው? ለመሆኑ ምልክቱን በዳጣ የሚበላ ዕጩ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ኤርካሎ ለመናገር ሲቆም ስለ መንገዱ ያጠናው ሁሉ ከራሱ ጠፋ። የታየው በሩ ነው፣ ወንበሩ ነው፣ ዶሮዋ ናት።

«አይታረድም!» ብሎ ጮኸ። «ማን ይታረዳል አላችሁ? እኔ ከተመረጥኩ ዳንጋርሳ ቢላ አይነካውም! እኔ በወንበሩ ላይ እስካለሁ እሱም በደጄ ይኖራል! አምስት ዓመት!»

መጀመሪያ ያጨበጨበችው አሳየሽ ናት። ቀጥሎ ሐረግ የሚያመላልሱት ሴቶች አጨበጨቡ። ኤርካሎ ደስ አለው። ወዲያው ዓይኑ ገብርኤል ላይ አረፈ። ገብርኤል የሚያኝከውን ሸንኮራ ከአፉ አውጥቶ በእጁ ይዞታል። በዙሪያው ከተቀመጡት የቅርጫው ሰዎች አንዳቸውም አያጨበጭቡም።

ሜዳው ሲበተን ገብርኤል ጠጋ አለው።

«አሥራ ሁለት ቤት ነን» አለ። «በየቤቱ አምስትም ስድስትም መራጭ አለ። እንግዲህ አንተው ቁጠር።»

«ገብርኤል፣ በንዴት የወጣኝ ቃል ነው።»

«እኛ በንዴት አይደለም የምንበላው። ከጥር ጀምሮ ተዘጋጅተናል። ልጆቼ እያንዳንዳቸው ምን እንደሚደርሳቸው ያውቃሉ። ትንሿ ሻኛው የኔ ነው ብላ በስሙ ትምላለች።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ነገ ሰው በተሰበሰበበት ‹ይታረዳል› በል።»

በማግስቱ ማለዳ ኤርካሎ ሊናገር ተነሣ። የደረሰው ግን ከቲቸር ፊት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስከ ምርጫው ያሉት አራት ቀናት የጥሞና ጊዜ ነበሩ፤ ቅስቀሳ የሚባል ነገር ክልክል ነው።

«ቲቸር፣ አንድ ቃል ብቻ ነው። ትናንት የተናገርኩትን ልመልስ ነው።»

ፌስታሉን ፈታች፣ አነበበች፣ ቋጠረች።

«አይቻልም። መመለስም ቅስቀሳ ነው።»

«እኔ እኮ ይታረዳል ብቻ ነው የምለው!»

«በዚህ ቀበሌ ከዚያ የበለጠ ቅስቀሳ የለም፣ አቶ ኤርካሎ።»

«በጆሯቸው ልንገራቸው?»

«በጆሮም አይቻልም።»

«በሬውን እያሳየሁ በእጄ አንገቴን እንዲህ ባደርግስ?»

ቲቸር አየችው። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«ለመሆኑ በሬው የት ነው የታሰረው?»

ኤርካሎ ባልተናገርኩ አለ። የምርጫ ጣቢያው ገበሬ ማሰልጠኛው ነው፤ ከኤርካሎ ደጅ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። በጣቢያው አካባቢ ደግሞ የዕጩ ምልክት መታየት የለበትም። ቲቸር ከበሩ ጀምራ በእርምጃ ለካች። ሁለት መቶ አርባ እርምጃ ሆነ። ዳንጋርሳ ፊት ቆማ ከሻኛው እስከ ሰኮናው አየችው።

«ይህ ምልክት ከዚህ ይነሣ።»

ገብርኤል ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ በመሀል ገባ። «ይነሣ? ወዴት? ቲቸር፣ ይህ በሬ ያን ዳገት አንዴ ከወጣ የጎኑ ስብ ይቀልጣል! እንኳን ዳገት፣ ሲያስል ራሱ እኔ እሰጋለሁ!»

«እንግዲያው ይሸፈን።»

አሳየሽ ጋቢዋን አመጣች። ጋቢው ሻኛውን ብቻ ሸፈነ። አንሶላ ተጨመረ፤ ጅራቱ ቀረ። በመጨረሻ ሲመሽ ኤርካሎ የእድሩን ድንኳን ሸራ ተውሶ አመጣና በሬውን ከነዳሱ አለበሱት። ቲቸር ዞራ አይታ «መልካም» አለችና ሄደች።

በዚያ አገር የእድር ሸራ በሰው ደጅ ላይ የሚታየው በአንድ ምክንያት ነው። ያን ሌሊት ማንም ይህን አላሰበም።

በነጋታው ኤርካሎ መፋቂያውን በአፉ እንደያዘ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። ከታችኛው ሰፈር የሴቶች ለቅሶ ሰማ። ለቅሶው ዳገቱን እየወጣ መጣ። ማን ሞቶ ይሆን ብሎ ጆሮውን አቀና።

«ወይኔ ኤርካሎ! ኤርካሎ ወንድሜ! ሳትመረጥ!»

ሴቶቹ ብቅ አሉ። የፊተኛዋ አየችውና እጇን ከራሷ ላይ አወረደች።

«ውይ» አለች። «ቆሟል።»

ንፍሮውን ከነድስቱ ተሸክመው መጥተዋል። ይዞ መመለስ ነውር ነው። ተቀምጠው ይበሉ ጀመር። ከላይኛው ሰፈርም መጣ፤ ከዱቦ መንገድም መጣ። እስከ ቀትር ስልሳ ሰው ሆነ። ሁሉም ኤርካሎን ሲያይ ይደነግጣል፣ ይስቃል፣ ይቀመጣል፣ ይዘግናል። አንድ ሽማግሌ ተስፋ ባለመቁረጥ «ታዲያ ማነው የሞተው?» እያሉ ሦስት ጊዜ ጠየቁ።

በመጨረሻ የመጣው ቦሼ ነው። ጋቢውን ለሐዘን አዘቅዝቆ ለብሷል። ኤርካሎን ከሽማግሌው ጎን ንፍሮ ሲቆረጥም አገኘው። ዓይኑ ገና እርጥብ ነበር።

«አለቀስኩልህ እኮ!» አለ ቦሼ። «ዳገቱን ሙሉ እያለቀስኩ ወጣሁ! የበደልኩትን ሁሉ እያሰብኩ!»

«ማን ያልቅሱ አለዎት፣ ጋሼ?»

«ሸራው!»

ኤርካሎ የበደሉን ዝርዝር ሊጠይቀው አስቦ ነበር። የዶሮዋ ነገር ገብቶበት እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። ቦሼ ግን ጋቢውን ቀና አድርጎ ለብሶ በቀጥታ ወደ ቲቸር ሄደ። ኤርካሎም ተከተለው።

«በጥሞና ጊዜ ስልሳ ሰው ሰብስቦ በንፍሮ ቀስቅሷል» ብሎ ከሰሰ ቦሼ።

«እንደዚያ ከሆነ እኔም አቤቱታ አለኝ» አለ ኤርካሎ። «የኔ ምልክት ተሸፍኗል። የሳቸውም ይሸፈን።»

ቲቸር በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ከመስኮቱ ሥር ጀምሮ እስከ ዱቦ ድረስ የሚታየው ሁሉ እንሰት ነበር። ረጅም ጊዜ አየች። ፌስታሉን ፈታች። ይህን ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ ነው ያነበበችው።

«እንሰቱ ከምርጫው በፊት የተተከለ ነው። አይሸፈንም» አለች። «ንፍሮውም የተበላው ለሐዘን ነው። ሁለቱም አቤቱታ ውድቅ ነው።»

«ለማን ሐዘን?» አለ ቦሼ።

«እሱ በመመሪያው የለም።»

ኤርካሎ በቀሩት ቀናት ቁጥር ይደምር ነበር። የቅርጫው ቤት ሁሉ ሄዷል። ሴቶቹ ምናልባት አሉ። አንዲት ድምፅ ግን ከሁሉ አብልጦ ታስጨንቀው ነበር።

«አንቺ ማንን ነው የምትመርጪው?» አላት አሳየሽን። የበሬውን ግንባር እያሸች ነበር።

«ድምፅ ምስጢር ነው ብላለች ቲቸር።»

«ባልሽ ነኝ እኮ!»

«እሱም ወንድሜ ነው። አንድ ጡት ነው የጠባነው።» ከዚያ ሸራውን መልሳ ዘጋች። እሷና በሬው በመካከላቸው ምስጢር ያላቸው ይመስሉ ነበር።

በምርጫው ቀን ሰልፉ ከማሰልጠኛው በር እስከ መንገዱ ደረሰ። ኤርካሎና ቦሼ ለየብቻቸው ዛፍ ሥር ቆመው ሰው ይቆጥራሉ። ገብርኤልና የቅርጫው ሰዎች በማለዳ መርጠው ወጡ። በጣታቸው ላይ ያለውን ቀለም ወደ ኤርካሎ አቅጣጫ እያሳዩ አለፉ።

አራት ሰዓት ሲሆን አሳየሽ ገና ሰልፍ ላይ ነበረች። አራት ሰዓት የዳንጋርሳ ምሳ ነው። መጀመሪያ ጠራት። ጩኸቱ እስከ ጣቢያው ተሰማ።

«ይኸው!» አለ ቦሼ። «ምልክቱ ራሱ እየቀሰቀሰ ነው!»

ከዚያ የኤርካሎ ድንኳን ተነሣ። ካስማው ተነቅሎ፣ ገመዱ እየተጎተተ፣ ሸራው በደጁ ወጣ። ቁልቁለቱን በእርጋታ ወረደ። ከሥሩ አራት ሰኮና ብቻ ይታያል። ሰልፉ ለሁለት ተከፈለ። እኚያ ሽማግሌ ድንኳኑ ሲያልፍ ቆባቸውን አወለቁ። ሸራው መጥቶ አሳየሽ ፊት ቆመና ከጫፉ እርጥብ አፍንጫ ብቅ አደረገ።

«አፍንጫው ታየ!» ብሎ ጮኸ ቦሼ። «ሕግ ተጣሰ!»

አሳየሽ ሸራውን ስባ አፍንጫውን ሸፈነች። ቲቸር ፌስታሏን ይዛ ወጣች። ድንኳኑን አንድ ጊዜ ዞረችው።

«ምልክቱ ተሸፍኗል» አለች። «ነገር ግን የመራጭነት ካርድ ስለሌለው ከሰልፉ ይውጣ።»

ዳንጋርሳ ከሰልፉ ወጥቶ በር ላይ ጠበቀ። አሳየሽ ገባች። ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ወደ ባሏም ወደ ወንድሟም አላየችም። የድንኳኑን ገመድ ይዛ ወደ ቤት ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ቆጠራ ሆነ። ቲቸር ወረቀቱን አንድ በአንድ ዘርግታ ለታዛቢዎቹ እያሳየች ለየችው። እንሰት፣ በሬ፣ በሬ፣ እንሰት። ኤርካሎ መጀመሪያ ተመራ፣ ከዚያ መራ፣ ከዚያ ላብ አጠመቀው። አንድ ወረቀት ሲቀር ሁለቱም መቶ ሰማንያ ስድስት ነበሩ።

ቲቸር የመጨረሻውን ዘረጋች። አገላብጣ አየችው። ከፍ አድርጋ አሳየች።

የበሬው ሥዕል በመስመር ተከፋፍሏል። ሻኛው ለብቻ፣ ጎድኑ ለብቻ፣ ታፋው ለሦስት፣ ሽንጡ በጥንቃቄ። አሥራ ሁለት መደብ፤ አንዱ ከአንዱ አይበልጥም። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ ገብርኤልን አየ። ገብርኤል ጣሪያውን ያይ ነበር።

«ይህ ድምፅ አይደለም!» አለ ቦሼ። «ቅርጫ ነው!»

ኤርካሎ አንገቱን አስግጎ አየ። እሱም ቅርጫ ነው የመሰለው።

ቲቸር ፌስታሉን ፈታች። «የመራጩ ፍላጎት ግልጽ መሆን አለበት ይላል።»

«ግልጽማ ነው! የፈለገው መብላት ነው!»

«ማንን?»

ቦሼ በከዘራው ወደ በሬው ሥዕል አመለከተ።

«መስመሮቹ በሙሉ በበሬው ሳጥን ውስጥ ናቸው» አለች ቲቸር። «አንድም መስመር ወደ እንሰቱ አላለፈም። የፈለገው በሬውን ነው። ለበሬው ተቆጥሯል።»

ገብርኤል እንደ ተመታ ሰው አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። እጁ እንዲያ ንጹሕ ባይሆን ኖሮ፣ አንዷ መስመር እንኳ ብታመልጠው ኖሮ፣ ወረቀቱ ይጣል ነበር። ሠላሳ ዓመት የመደበ እጅ ግን አያመልጠውም።

ኤርካሎ እየሮጠ ቤቱ ደረሰ። አሳየሽ ዳንጋርሳን ቅጠል ታጎርሳለች።

«አለፍኩ! በአንድ ድምፅ አለፍኩ! አሳየሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ፤ ባልሽን አላሳፈርሽም።»

«አንተን አልመረጥኩም» አለችው።

«እንዴ! ወንድምሽን መርጠሽ ነው?»

«እሱንም አልመረጥኩም።» አንድ ጉርሻ ቅጠል ጠቅልላ በበሬው አፍ አኖረች። «ባሏን ትታ ወንድሟን እንዳልባል፣ ወንድሟን ትታ ባሏን እንዳልባል፣ ዳንጋርሳን መረጥኩ። አምስት ዓመት ብለሃል። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

ኤርካሎ በሬውን አየው። በሬው እያኘከ አየው። አምስት ዓመት ብዙ ቅጠል ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ኤርካሎ በባለ ጎማው ወንበር ተቀመጠ። በየጠዋቱ በሩን ያያል። ቦሼ አልመጣም። አሥር ዓመት ደብዳቤ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው፤ ለራሱ የሚያስፈልገውን ሁሉ አስቀድሞ ጽፎ አስቀምጧል። ሌላው ሰው ይመጣል፣ ኤርካሎ ቶሎ ቶሎ ጽፎ ይሸኛል። ቦሼ ከመጣ ብቻውን ተራ እንዲጠብቅ፣ በሩ ባዶ እንዲሆን ነበር የሚፈልገው። ዶሮዋ ግን በየቀኑ ትመጣ ነበር።

መስቀል ደረሰ። በሜዳ የተነገረ ቃል ነውና ዳንጋርሳን የሚነካው ጠፋ። የቅርጫው ሰዎች ጥቂት ቀን ኤርካሎን ሰላም ሳይሉት ሰነበቱ፤ ከዚያ በቦሼ በሬ ተስማሙ። ከሲታ ነው። ገብርኤል ጎኑን በመዳፉ ሲጫን አጥንት አገኘ፤ «ጌታ ይመስገን» አላለም። በሬው በቦሼ ግቢ ታረደ።

ኤርካሎ መደቡን ሊወስድ የሄደው አርፍዶ ነበር። ጽሕፈት ቤቱን ሲጠብቅ ነው የቆየው። ሲደርስ ሌሎቹ ሁሉ ወስደዋል። በግቢው በር ላይ አንድም ሰው የለም። ቦሼ በእንሰት ቅጠል በተጠቀለለችው አንዲት መደብ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየው።

«ተራህን ጠብቅ» አለው።

«ጋሼ፣ ብቻዬን ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ።»

ኤርካሎ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው። ይህን ሊናገር አሰበና ተወው። ቆመ። ድመት መጣች፣ በእግሮቹ መሀል አልፋ ገባች፣ ቁራጭ ጅማት ተወረወረላት፣ ይዛ ወጣች። ፀሐይዋ መሀል አናት ስትደርስ ቦሼ ተነሣና ጥቅሉን በሁለት እጁ ሰጠው።

«እንኳን አደረሰህ» አለ። «ምልክቴን ይዘህልኝ ግባ።»

ኤርካሎ ጥቅሉን በብብቱ ይዞ በሕዝቡ መሀል ወደ ቤቱ ወረደ። ያየው ሁሉ ጥቅሉን ያያል፣ ሳቁን ይውጣል።

አሳየሽ ሥጋውን ተቀብላ ወደ ጓዳ አስገባች። የውስጡን ቅጠል ጣለች። የውጪውን፣ ንጹሑንና ሰፊውን ቅጠል ግን በልብሷ ጠራርጋ ወደ ደጅ ይዛ ወጣች። ዳንጋርሳ ከሩቅ አውቋት አንገቱን ዘረጋ።

የቦሼን ምልክት በሦስት ጉርሻ ጨረሰው።